የተሰበረ ሲኒ ቂጡ ይመለሳል

ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቁመቴ እማዬን አልፎ፣ ቀሚሴ ጉልበቴን አልሸፍን ብሎ፣ ቤት ውስጥ ስንቀሳቀስ ክርኔ ያገኘውን ሁሉ የሚገጭበት ዕድሜ። ሲኒ በሚሸጥበት ቤት እንዲህ ያለች ልጅ ስጋት ናት። እማዬ ከጠዋት እስከ ማታ «ክንድሽን ሰብስቢ! ዞር ስትይ ኋላሽን እዪ!» ትለኝ ነበር። እኔም እሰበስባለሁ፤ ግን እግሬም እጄም አላርፍ ይሉኛል። በዚያ ዓመት ደግሞ ለማረፍ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ቤታችን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፣ የባቡሩ ፉጨት የሳህን መደርደሪያውን የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ። አባዬ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ወባ ገደለው። ትምህርቴም እዚያው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እማዬ ናት፣ በሲኒ። መጋላ ገበያ ካሉ ነጋዴዎች ከጅቡቲ የመጣ ሲኒና ትንንሽ የሻይ ብርጭቆ በደርዘን እየገዛች፣ በቅርጫት አሽጋ፣ በባቡር ወደ ላይ አገር ለደንበኞቿ ትልካለች። ደንበኞቿ አልኩ እንጂ፣ ሁለቱ ለዓመት በዓል ብቻ ብቅ የሚሉ ነበሩ። ቤታችንን የምታበላው አንዲት ሴት ናት፤ ናዝሬት ሱቅ ያላት።

እማዬ የዚህችን ሴት መልክ አይታ አታውቅም። እሷም የእማዬን አታውቅም። የሚተዋወቁት በስልክ ብቻ ነው፤ አንዷ ሌላይቱን «የድሬዋ»፣ ሌላይቱም «የናዝሬቷ» ትላታለች። ዛሬ ልጆቼ ዓይኑን አይተውት ለማያውቁት ሰው በስልክ ዕቃ ሲሸጡ፣ ገዢው ደግሞ «ተሰብሮ ደረሰኝ» ብሎ ሲጮህባቸው ስሰማ፣ «ይሄማ የእናቴ ሥራ ነው» እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ፎቶ ይልኩ የለ እነሱ። እማዬ ፎቶ አልነበራትም፤ አፏ ነበር ፎቶዋ። «አፉ ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር አለው፣ እህቴ። ሆዱ ላይ ሰማያዊ አበባ። አበባው ደግሞ የፈካ አይደለም፤ ሊፈካ ሲል ነው» ትላለች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሲኒው ፊት ለፊቷ እንዳለ ሁሉ ዓይኗን እያጠበበች። የናዝሬቷም ታዝዛለች።

ስልክ ታዲያ ቤታችን የለም። ከቴሌ አንድ ሰውዬ በብስክሌት የጥሪ ወረቀት ያመጣል። «ነገ በዚህ ሰዓት ከናዝሬት ትፈለጊያለሽ» ይላል፣ በቃ። ለምን እንደምትፈለግ አይልም። ትእዛዝ ይሁን፣ ክስ ይሁን፣ እስከ ነገ አይታወቅም። ወረቀቱ ከመጣ እማዬ መቀመጥ አትችልም። የተጠረገ ቤት ትጠርጋለች፤ የታጠበ ሲኒ ታጥባለች። እኔም እከተላታለሁ፤ ሁለታችንም እንደ ባቡር ጠባቂ መንገደኛ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር።

በቅርጫት ተጭኖ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ሲኒ ሁሉ ደህና አይደርስም። ለዚህ እማዬ ደንብ ነበራት። «የተሰበረ ሲኒ ቂጡ ይመለሳል» ትላለች። ሲኒ ሲሰበር አካሉ ደቆ ይበተናል፤ ቂጡ ግን ወፍራም ነውና ይተርፋል። ደግሞ አንድ ሲኒ ያለው አንድ ቂጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢዋ የተሰበሩትን ቂጣቸውን ትለቅምና፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ በባዶው ቅርጫት በባቡር ትመልሳለች። እማዬ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራቸዋለች፤ አውራ ጣቷን በየጠርዛቸው ታዞርና የራሷ መሆናቸውን ታውቃለች። ከዚያ በየቂጡ አንድ ሙሉ ሲኒ። እንዴት ተሰበረ፣ ማን ሰበረው፣ አይባልም። በዚህ ሥርዓት ከናዝሬቷ ጋር ዓመታት ሲሠሩ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገሩም።

የሲኒዎቹ ማሸጊያ ጭድ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዝናብ ቀረና ጭድ ጠፋ። ከዋሂል በአህያ ጭኖ የሚያመጣልን ሰውዬ «ለከብቶቼም የለኝ» ብሎ ቀረ። አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ በምድር ባቡር ዕቃ ጫኝ ነው፤ የውጪው ክፍል ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖራል። ጾሙን ቢጾምም ጫቱን አይጾምም። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ለጋው ቅጠል ይቃማል፣ ወፍራሙ ቅጠልና እንጨቱ ይጣላል። የተጣለውን ገራባ እንለዋለን። እማዬ አንድ ቀን ምንጣፉን ልትጠርግ ገብታ፣ የገራባውን ክምር አየች። ከዚያ ዞር ብላ ሲኒዎቹን አየች።

«ይሄ እኮ ለስላሳ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ እኔ ቆርቆሮ ጣራው ላይ እየወጣሁ ገራባውን አሰጣለሁ፤ ትንሽ ጠውለግ ሲል አወርደዋለሁ። እማዬ በሲኒዎቹ መካከል ትጠቀጥቀዋለች። የቅርጫቱን አፍ በጆንያ ከድና በወስፌ ትሰፋዋለች። አጎቴ መጀመሪያ ያየው ቀን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ፣ እነዚህ ሲኒዎችሽ እኮ መርቅነው ነው ናዝሬት የሚገቡት!»

«ይመርቅኑ። ብቻ ሳይሰበሩ ይግቡ» አለችው።

ገቡም። ሁለት ሦስት ጊዜ ላክን፤ ከጭዱ ጊዜ ያነሰ ቂጥ ነው የተመለሰው። እማዬ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጡን የምትጠላበትን አጎቴን «ዛሬ አትቅምም እንዴ?» እያለች መጠየቅ ጀመረች።

ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ፤ ሌላ ቅርጫትም ላክን። በጾሙ አጋማሽ የቴሌው ሰውዬ በብስክሌቱ መጣ።

በማግስቱ ከእማዬ ጋር አብሬ ሄድኩ። የቴሌው አዳራሽ በሰው ሙሉ ነው፤ ሁሉም እስኪጠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃል። የስልኩ ክፍል በር በደንብ አይዘጋም፤ ከርቀት ስለሚደወል ደግሞ ሰው ይጮሃል። የአንዱን ቤት ጉዳይ ሁሉም ይሰማል። «ናዝሬት! ሁለት ቁጥር!» ተባለ፤ እማዬ ገባች። እኔ በሩ ስር ቆምኩ።

«የድሬዋ!» የሚለው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ። «የላክሽልኝ ሲኒ ነው ወይስ ጠጠር?»

«ምን ሆነ እህቴ?»

«ምን ሆነ? ቅርጫቱን ሳነሳው እንደ ጸናጽል ነው የጮኸው!»

«ገራባው... ማለቴ ማሸጊያው የለም?»

«የምን ማሸጊያ? ሲኒና አየር ነው ያለው። ከሥር ጥቂት ጭራሮ አለ። እኔ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ላለባቸው ሰዎች ቃል ገብቻለሁ። የሙሽሪት እናት በየቀኑ እየመጣች ሱቄ በር ላይ ትቀመጣለች። ምን ልበላት?»

«ቂጡን ላኪልኝ፤ እተካለሁ። ምንም አትጨነቂ።»

«ቂጡንማ እልካለሁ! ቂጥ ብቻ ነው የቀረኝ!»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። አንድ ወታደር ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ። እማዬ ማንንም ሳታይ፣ ነጠላዋን ግራና ቀኝ እየጎተተች ወጣች።  ቤት ስንደርስ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ተናገረች።

«ይህቺ ሴት ከሄደች ሲኒው አለቀ። እኔ የሰው ልብስ አጥቤም ቢሆን እኖራለሁ። አንቺን ግን አዲስ አበባ አክስትሽ ጋ ነው የምልክሽ።»

አክስቴ ያን ጊዜ መንታ ወልዳ ነበር፤ «አንድ እጅ ላኪልኝ» እያለች ስታስልክ ከርማለች። ትማርልኛለች ነው የሚባለው። እኔ ግን አውቄዋለሁ፤ ሁለት ሕፃን ባለበት ቤት የምትላክ ልጅ ምን እንደምትሆን። ያን ለት ከሰዓት በኋላ ምሳዬን ቆሜ በላሁ።

ልሄድ ካልኩ ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበኝ የፍራሼ ሥር ነበር። ከመጋላ የሚመጡት ሲኒዎች በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው ነው የሚመጡት። አብዛኛው ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ነው፤ አንዳንዴ አማርኛ ይገኛል። አማርኛውን እያቃናሁ ፍራሼ ሥር አኖራለሁ። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ እሱ ነው። የሲኒ መጠቅለያ ስለሆነ ሙሉ ገጽ አይገኝበትም፤ ወሬው መሃል ላይ ይቀደዳል። የጎደለውን እኔ እጨርሰዋለሁ። የመስኖ ቦይ ሊመረቅ የሄዱ ሰዎች ወሬ ተቀዶ ከቀረ፣ ቦዩ ውስጥ አዞ አስገባበታለሁ። ወሬ ማውራት የለመድኩት ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም።

ባዶው ቅርጫት ከናዝሬት ተመለሰ። ባዶ አልነበረም። እማዬ ቂጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ጠረጴዛው አልበቃ አለ፤ አልጋው ላይ ቀጠለች። አውራ ጣቷን በየአንዳንዱ ላይ አዞረች። ሁሉም የእኛ ናቸው። ሰማያዊው አበባ ግንዱ ብቻ ቀርቶ፣ እንደታጨደ ሣር።

አጎቴ አንዱን ቂጥ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ፉርጎው ውስጥ በደንብ ነው ያስቀመጥኩት፣ እትዬ። በእጄ ነው ያስቀመጥኩት» አለ።

«ማሸጊያው አንሶ ነው» አለች እማዬ። «እኔ ነኝ የሰሰትኩት። ዛሬ ጓደኞችህን ጥራ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። ቃሙ።»

አጎቴ አፉን ከፍቶ አያት። ሌላ ጊዜ «ይሄን ቤት በርጫ ቤት አደረግኸው» እያለች ነው የምትነዘንዘው። ያን ቀን ግን ራሷ ውሃ አቀዘቀዘችላቸው፤ ስኳር ከየት እንዳመጣች አላውቅም፣ ሻይ አፈላችላቸው። አንዱ ጓደኛው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «አቦ፣ እናትሽ ደህና ናት?» አለኝ። ማታ የተረፈው ገራባ ሁለት ጆንያ ሞላ። ለማስጣት ጊዜ አልነበረም፤ ሆሳዕና ደርሷል። ትኩሱን፣ አረንጓዴውን፣ እንዲያው ነው ጠቅጥቀን ያሸግነው። ከቅርጫቱ ቀዳዳዎች በየአቅጣጫው ቅጠሉ ይወጣል። ቅርጫቱ ቁጥቋጦ መሰለ።

በማግስቱ ጠዋት ከአጎቴ ጋር ወደ ጣቢያው ወሰድነው። እማዬ «የጣቢያው ደወል እስኪጮህና ባቡሩ እስኪነቃነቅ ከዓይንሽ እንዳይጠፋ» ብላኛለች። አጎቴ ቅርጫቱን የዕቃ ፉርጎው ጥግ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሊጭን ሄደ። እኔ ፉርጎው በር ፊት ለፊት፣ ከፀሐዩ ሸሽቼ፣ ከግድግዳው ሥር ቆምኩ። ቆምኩ ማለት ይከብዳል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተዛወርኩ ነው።

ከዚያ ፍየሎቹ መጡ።

ለፋሲካ ገበያ ወደ ላይ አገር የሚጫኑ ፍየሎች ናቸው። ከኤረር ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው፣ በዱላቸው እያቀኑ፣ አንድ በአንድ ወደዚያው ፉርጎ ያስገቧቸዋል። እኔ ፍየሎቹን እያየሁ ስለ አዲስ አበባ ብርድ አስባለሁ። ጥቂት ቆይቶ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። ቀጭን፣ የማውቀው ድምፅ። ሲኒ ከሲኒ።

ሮጬ በሩ ላይ ተንጠለጠልኩ። ቅርጫታችን አይታይም፤ ዙሪያውን በፍየል ጭራ ተከቧል። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ከየቀዳዳው ገራባውን ይመዛሉ፤ አንዷ ነጭ ፍየል ደግሞ የፊት እግሮቿን ክዳኑ ላይ ሰቅላ፣ ጆንያውን ቀዳ፣ አፍንጫዋን ውስጥ ከታለች። ስትመዝ ሲኒው ይንቀጫቀጫል።

«አጎቴ! ፍየል! አጎቴ!»

አጎቴና ሌሎቹ ጫኞች ሮጠው መጡ። አንዱ ጫኝ ወደ ፉርጎው አይቶ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ጓዶች፣ ዝም በሉ፣ አትረብሹ! የውይይት ክበብ ላይ ናቸው!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ማን እንደሰማ ለማየት ዞር ዞር አለ። በደርግ ጊዜ ሳቅ እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ግራ ቀኝ ያያል። ሽማግሌው ግን ተቆጡ።

«ወላሂ የኔ ፍየል ሌባ አይደለችም! ጫት ፊቷ አስቀምጣችሁ ምን ታድርግ? ትጸልይ?»

አጎቴ ቅርጫቱን ሲጎትተው እንደ ጸናጽል ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ዓይን ለዓይን የተያየነው። ባለፈውም ፉርጎ ውስጥ ፍየል ነበር። ከጾሙ በፊት ግን አልነበረም፤ በዚያ ወቅት ወደ ላይ ፍየል የሚጭን የለም። ለዚህ ነው ሲኒዎቹ ደህና ይገቡ የነበረው።

ባቡሩ ያለ ቅርጫታችን ሄደ። እኔና አጎቴ ቅርጫቱን በሁለት ጆሮው ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ሳቅ ያዘን፤ እሱ ይጀምራል፣ እኔ እቀጥላለሁ። በራችን ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። ማን ይናገር?

አጎቴ ተናገረ። እማዬ አልሳቀችም። ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አርጅቼ» አለች፣ «ገራባ ማን እንደሚበላ ጠፍቶኝ ነው?» ፍየል በየበራችን ቆሞ ገራባ ሲጠብቅ እያየን ነው የምንውለው። ሲኒውን ስናሽግ ግን አንዳችንም ፍየል ትዝ አላለንም።

በማግስቱ ወደ ቴሌ ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ደዋይዋ እማዬ ናት። አጎቴ እስከ አዳራሹ በር ተከትሎን እየመከረ ነው። «ሐዲድ ተበላሸ በያት። ወይ ፉርጎ ጠፋ በያት። ፍየል አትበያት እትዬ፣ በእናትሽ።»

«ውሸት ከጀመርኩ ቂጡንስ ማን ያምነኛል?» ብላ ገባች።

«የድሬዋ! ቅርጫቱ ወጣ?»

«አልወጣም፣ እህቴ።»

«ለምን?»

እማዬ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። የአዳራሹ ሰው ሁሉ የሚያዳምጥ መሰለኝ። «ፍየል በላው» አለች።

የናዝሬቷ ጠየቀች፤ «ሲኒውን?»

«ማሸጊያውን። ገራባ ነበር... ባለፈውም ፍየል ነው የበላው።»

«ስሚ እህቴ» አለ የናዝሬቷ ድምፅ፣ አሁን ቀስ ብሎ፤ ቀስ ማለቱ ከጩኸቱ ይብሳል። «ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ስንት ሰው ዋሽቶኛል። ድልድይ ፈረሰ ያለኝ አለ። ኬላ ላይ ያዙብኝ ያለኝ አለ። በፍየል የዋሸኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። እስከ ጸሎተ ሐሙስ ሲኒዬ እጄ ካልገባ ከሌላ ሰው እገዛለሁ። ከዚያ ወዲያም አትደውዪልኝ። ፍየሏ ትደውልልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ አግዳሚው ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ የእማዬን ፊት አይተዋል።

ቤት ስንገባ እማዬ የአልጋዋን አንሶላ ገፈፈች፤ ልብሴን አንድ በአንድ አጣጥፋ መሃሉ ላይ ከመረችውና ቋጠረችው። ጥግ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ስወጣም ስገባም አየዋለሁ፤ እሱም የሚያየኝ ይመስለኛል። እሷ ራሷ ሲኒውን ይዛ እንዳትሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፣ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። አጎቴ ግን ምድር ባቡር ነው፤ በሥራ መታወቂያው ይሳፈራል።

«እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አለ። «ፉርጎ ውስጥ አይገባም። ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አለቃው ሄደ። አለቃው መጀመሪያ አይሆንም አለው። ምክንያቱን ሲሰማ ግን «እንደገና ንገረኝ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስተረከው፤ ከዚያ «ሂድ፣ ሂድ፣ ከፊቴ ጥፋ» ብሎ ለቀቀው።

ሲኒው በጥድፊያ፣ ሳይጠቀለል ከመጋላ መጣ። በምን ይታሸግ? ጭድ የለም። ገራባ ስሙም አይነሳም። እማዬ አሮጌ ነጠላዋን ቀደደች፤ ሩቡን እንኳ አልሸፈነም። እኔ ገብቼ ፍራሼን ገለበጥኩና ጋዜጦቼን ታቅፌ መጣሁ።

«እነዚህን ሁሉ የት ነበር ያስቀመጥሻቸው?» አለች እማዬ።

«ተኝቼባቸው ነበር።»

አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አደረገችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን በእጄ የተቃናውን እጥፋት በጣቷ ዳሰሰችው። «ግማሹ ይበቃል» አለች።

«አይበቃም እማዬ።»

እያንዳንዱን ሲኒ ለብቻው ጠቀለልን። እየጠቀለልኩ አነብ ነበር፤ እማዬ «አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» ትላለች። ነግሬያት እጠቀልለዋለሁ። አዞው ያለበትን ቦይ ስደርስ እንደ እውነት ነገርኳት፤ «አዞ? እዚያ?» አለች፣ ደነገጠች። ከጨረስን በኋላ ቅርጫቱን አንሥታ አንዴ ነቀነቀችው። ምንም አልጮኸም።

አጎቴ ረቡዕ ጠዋት ሄደ። ሲወጣ ከተበላሸው ቅርጫት ከተረፈው ገራባ አንድ እፍኝ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲጨምር አየሁት። «ምን ያደርግልሃል?» ብለው፣ «ለመንገድ» ብሎ ጠቀሰኝ።

ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፍነው አላውቅም። የባቡር ፉጨት በሰማሁ ቁጥር በሩ ላይ ነኝ፤ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣውንም ጭምር። ወደ ደቻቱ ወንዝ ወርጄ ደረቁን አሸዋ እየረገጥኩ ተመለስኩ። ጎረቤታችን «ይህቺ ልጅ ምን ያባርራታል?» ትላለች። ልብሴ የታሠረበት አንሶላ እንደተቋጠረ ጥግ ላይ ነው። እማዬ ማታ አልጋዋ ላይ ያለ አንሶላ ተኛች።

ዓርብ ስቅለት ነው። እማዬ ስግደት ሄደች፤ እኔ ቤት ቀረሁ፣ ባቡር ልጠብቅ። ቀትር ላይ አጎቴ ቅርጫቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከፀሐዩ ውስጥ ብቅ አለ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አይነበብም። ሆን ብሎ ነው።

«እህስ?»

«ውሃ አምጪ።»

አመጣሁ። ጠጣ። «ሌላ አምጪ።» ልመታው ነበር። «እናትሽ የት ናት?»

«ስግደት።»

«እንሂድ። ሁለት ጊዜ አላወራም።»

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ይወድቃል ይነሣል። እማዬን ከዛፉ ጥላ ዳር አገኘናት፤ ግንባሯ አቧራ ለብሷል። አጎቴ ከጎኗ ገብቶ እየሰገደ፣ ሲወድቅ ሲወድቅ በጆሮዋ ያወራላት ጀመር። እኔ በሌላው ጎኗ ነኝ፤ እንዲህ ነው የሰማሁት።

የናዝሬቷ ራሷ ጣቢያ መጥታ ጠብቃዋለች። አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን የረጅም ሰው ነው። የሙሽሪት እናት አብራት አለች። አጎቴ ቅርጫቱን አቅፎ ሲወርድ፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና «አንተ ነህ ፍየሉ?» አለችው። እሱም «ይምጡ» ብሎ ወደ ኋላ ወሰዳት፤ ፍየሎቹ ከፉርጎው እየወረዱ ነበር። ከኪሱ ገራባውን አውጥቶ ዘረጋ። ፍየሎቹ ባለቤታቸውን ጥሰው መጡ። እጁ ላይ ያለው ሲያልቅ አንዱ ወጠጤ ኪሱን ከነኮቱ አፉ ውስጥ ከተተው፤ አጎቴ ይጎትታል፣ ወጠጤው ይጎትታል። የናዝሬቷ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ስትስቅ ቁጭ አለች። ቁጭ ያለችው ቅርጫቱ ላይ ነው።

«ቀጭ አለ» አለ አጎቴ፣ ግንባሩ መሬት ላይ እንዳለ።

እማዬ ወድቃ አልተነሣችም። ሌላው ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እሷ መሬት ላይ እንዳለች ቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከኋላችን ያሉ አንዲት አሮጊት «አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ዛሬ የልቅሶ ቀን ነው» አሏት። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ከግቢው ስንወጣ አጎቴ ከሌላው ኪሱ፣ ካልተበላው፣ አንድ የሲኒ ቂጥ አወጣ። በመሐረብ ተቋጥሯል። በሙሉ ቅርጫቱ ውስጥ የተሰበረው እሱ ብቻ ነው።

«እንዲህ በላት አለችኝ» አለ። «ይሄን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ መቀመጫዬ። ደንብ ደንብ ነውና ቂጡን ውሰድላት። ምትኩን ግን እንዳትልክ። ለሰኔም ሌላ ቅርጫት ታዘጋጅልኝ።»

እማዬ ቂጡን ተቀብላ አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አዞረች። ቤት ስንደርስ መደርደሪያው ላይ፣ ከሙሉዎቹ ሲኒዎች ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታች፤ ልብሴን ወደ ሣጥኑ መለሰችና አንሶላውን አራግፋ አልጋዋ ላይ ዘረጋች። ስለ አዲስ አበባ ምንም አላለችም። የናዝሬቷ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት የእኛው ደንበኛ ሆና ኖረች፤ መልኳን እኔ አላየሁትም፣ እማዬም አላየችውም።

አጎቴ ገራባውን ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በራሱ እጅ ሰብስቦ ለጎረቤት ፍየሎች ይወስድ ጀመር። ደግሞ የመንገደኛ ባቡር ሲገባ፣ የጫኝነት ሥራውን ሲጨርስ፣ ወደ ባዶው ተሳፋሪ ፉርጎ እየገባ ሰው ትቶት የሄደውን ጋዜጣ ከወንበሩ ሥር ይለቅም ነበር። ማታ ሸሚዙ ውስጥ አድርጎ ያመጣዋል፤ መጀመሪያ ለእኔ ይሰጠኛል፣ አንብቤ ስጨርስ ለእማዬ እሰጣታለሁ።